ማሲንቆ የማይገባበት ስቱዲዮ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሱኝ መልእክቶች ተመካክረው የተጻፉ ይመስላሉ። «ቲቸር ሰላም ነው? ቤቴ ውስጥ ስቱዲዮ ልከፍት ነው፤ ይህን ያህል ብር አለኝ፤ ምን ምን ዕቃ ልግዛ?» ከሥሩ ፎቶ ይከተላል። የማይክ ፎቶ፣ የስፒከር ፎቶ፣ «ሙሉ የስቱዲዮ ፓኬጅ» የሚል የሱቅ ማስታወቂያ። «ክፍሌ ሦስት በአራት ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ምን ላድርገው?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው በጣት ይቆጠራል። «ማሲንቆ ልቀርጽ ፈልጌ ነበር» ያለኝማ እስከ ዛሬ አልመጣም።

ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ በአደባባይ ልጻፈው፤ የሚቆጣም ካለ ይቆጣ። በየሰፈሩና በየኮንዶሚኒየሙ እየተከፈቱ ያሉት አብዛኞቹ የቤት ስቱዲዮዎች የተሠሩት ለኪቦርድ ነው። ኬብል ሰክቶ ድምፅ ለማስገባት ይበቃሉ። ሰው አፉን ከፍቶ ሲዘፍን፣ ማሲንቆ ሲገዘገዝ፣ ከበሮ ሲመታ የሚያዳምጥ ክፍል ግን የላቸውም። ክፍል ስለሌላቸው ማሲንቆውንም፣ ዋሽንቱንም፣ ክራሩንም ከኪቦርዱ ያወጡታል። ስለዚህ ብራችሁ መጀመሪያ ወደ ክፍሉ ይሂድ ነው የምለው። ማይኩ ይደርሳል። ስፒከሩ ደግሞ ከሁሉም በኋላ ይምጣ።

በመጀመሪያ ስለ ብሩ እናውራ፣ ምክንያቱም ብሩ የማን እንደሆነ አውቃለሁ። ከተማሪዎቼ አንዱ ስቱዲዮውን ያቋቋመው እህቱ አረብ አገር ሰው ቤት ሠርታ በላከችው ገንዘብ ነው። ሌላው እናቱ የዕቁብ ዕጣ ሲደርሳት ሰጥታው ነው። እንዲህ ያለ ብር ይዞ ሱቅ የሚገባ ልጅ ቀጥ ያለ ምክር ሊያገኝ ይገባዋል። የሚያገኘው ግን ሻጭ ነው። ሻጩ ክፍል አይሸጥም። የሚሸጠው በካርቶን የሚታሸግ ነገር ነው፤ ስለዚህ «መጀመሪያ ክፍልህን አስተካክል» ብሎ አይመክርህም።

ዋጋውንም አስቡት። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ከሳምንታት በኋላ 100 ብር አለፈ። ማይኩም፣ ሳውንድ ካርዱም፣ ስፒከሩም የሚመጣው በዶላር ነው። ሞራሌው፣ አቡጀዲው፣ ጥጡ፣ የአናጢው የእጅ ዋጋ ግን እዚሁ ያለ ነው። ውድ የሆነውን አስቀድሞ ገዝቶ ርካሹንና የሚበልጠውን «ሲተርፈኝ» ብሎ ማቆየት ምን የሚሉት ሂሳብ ነው?

አሁን ወደ ግድግዳው እንምጣ። ክፍላችሁን ስትልኩልኝ የማየው ሁለት ነገር ነው። አንዱ የእንቁላል ትሪ ነው፣ ሌላው ጎርበጥ ጎርበጥ ያለ ጥቁር ስፖንጅ። ሁለቱም የተለጠፉት «ድምፅ እንዳይወጣ» ነው። ልብ በሉ! ድምፅ እንዳይወጣ ማድረግና ክፍል ውስጥ ያለውን ድምፅ ማስተካከል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። እነዚህን ሁለቱን የቀላቀለ ሰው ብሩን ሜዳ ላይ በተነ ማለት ነው።

ድምፅ እንዳይወጣና እንዳይገባ የሚያደርገው ክብደትና መታሸግ ነው። አየር የሚያልፍበት ሁሉ ድምፅም ያልፍበታል። ብሎኬት ግድግዳችሁ በሁለቱም ወገን ከተለሰነ ድምፅ በመከልከል ረገድ ከሁሉም የተሻለው ነገራችሁ እሱ ነው። ቀዳዳው ያለው በሩ ሥር ነው፣ መስኮቱ ጠርዝ ላይ ነው፣ ከቺፕውድ ኮርኒሱ በላይ ነው። እዚህ ላይ የእንቁላል ትሪ ምን ይሠራል? ክብደት የለው፣ አየር አያግድ። ጎረቤታችሁ ከትሪው በፊትም ከትሪው በኋላም እኩል ነው የሚሰማችሁ። በሩ ሥር የጎማ ማሸጊያ መትታችሁ፣ መስኮቱን በወፍራም ነገር ብትዘጉት ከመቶ ትሪ ይበልጣል።

ሁለተኛው ሥራ ክፍሉን ማስተካከል ነው። ስፖንጁ እዚህ ላይ ትንሽ ይረዳል፤ ችግሩም ያ «ትንሽ» ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። 1000 ኸርዝ የሆነ ድምፅ የማዕበሉ ርዝመት 34 ሳንቲ ሜትር ነው፤ 100 ኸርዝ የሆነው ግን 3.4 ሜትር። ሦስት ሳንቲ ሜትር የማይሞላ ስፖንጅ 3.4 ሜትር የሚረዝመውን ማዕበል እንዴት አድርጎ ይውጠዋል? አይውጠውም። የሚውጠው ቀጭኑን ድምፅ ነው፤ የ«ስ»ን፣ የክራር ክሩን ጥፍር ሲነካው የሚሰማውን፣ የዋሽንቱን ትንፋሽ። ወፍራሙ እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ ግድግዳውን ሙሉ በስፖንጅ የሸፈነ ልጅ የሚያገኘው ብርሃኑ የጠፋ፣ ጭቃው የቀረ ድምፅ ነው። ከዚያ «ማይኩ አይረባም» ብሎ ሌላ ማይክ ይገዛል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው።

ስለ ስፖንጅ አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። እ.ኤ.አ. የካቲት 2003 በአሜሪካ ሮድ አይላንድ «ዘ ስቴሽን» በሚባል የምሽት ክበብ ውስጥ መድረክ ላይ የተተኮሰ ርችት ግድግዳው ላይ ለድምፅ ተብሎ የተለጠፈውን ስፖንጅ አቀጣጠለው። 100 ሰዎች ሞቱ። በ2013 በብራዚል ሳንታ ማሪያ ከተማ «ኪስ» በተባለ ክበብ ተመሳሳይ ነገር ደርሶ 242 ሰዎች አለቁ፤ ብዙዎቹን የገደለው ጭሱ ነው። «እኔ ቤት ርችት የለም» ትሉ ይሆናል። አንድ ዲቫይደር ላይ ስድስት ነገር ተሰክቶ፣ ዲቫይደሩ ስፖንጅ ተደግፎ፣ መብራቱ እየሄደ እየመጣ፣ በሩ በወፍራም መጋረጃ ተዘግቶ፣ መስኮቱ ታሽጎ ያየሁት ክፍል ግን አለ። እዚያ ውስጥ ሰው ያድራል። እባካችሁ።

ታዲያ ምን እናድርግ? ስሙኝ።

ከ10 ሳንቲ ሜትር የማያንስ ጥልቀት ያለው፣ 60 በ120 የሆነ ፍሬም በሞራሌ አሠሩ። ውስጡን በሮክ ውል ሙሉት፤ እሳት የማይቀጣጠልበት እሱ ነው። ስትቆርጡት አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ጓንት አድርጉ። እሱ ካልተገኘ ጥጥ ወይም ያረጀ ወፍራም ብርድ ልብስ ይሆናል፤ ጥጥ እንደሚቀጣጠል ግን አትርሱ፣ ከሶኬትና ከዲቫይደር አርቁት። ፊቱን በአቡጀዲ ሸፍኑት። ከግድግዳው በአንድ ክንድ ባይሆንም በአንድ ስንዝር አርቃችሁ አቁሙት፤ ከኋላው አየር ሲኖር ወፍራሙን ድምፅ የበለጠ ይይዛል። እንዲህ ያለ ስድስት ወይም ስምንት ሥሩ። ወፍራሞቹን ማዕዘን ላይ አቁሙ፣ ምክንያቱም ወፍራም ድምፅ የሚጠራቀመው ማዕዘን ላይ ነው።

«እኔ ተከራይ ነኝ፣ አከራዬ ምስማር አታስመታኝም» የሚል አለ። ያልኩትን አስተውሉ፤ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ነገር አልነገርኳችሁም። ፓነሉ እግር አለው፣ ይቆማል። ቤት ስትቀይሩ ከፍራሻችሁ ጋር ትጭኑታላችሁ። በሙጫ የተለጠፈውን ስፖንጅ ነው ይዛችሁ መሄድ የማትችሉት፤ ሲላቀቅ ቀለሙን ይዞ ይነሣና ከአከራይ ጋር ያጣላችኋል።

ሌላው የማየው ስህተት የፓነሉ ቦታ ነው። ሁሉም ስፖንጁን ከማይኩ ጀርባ ያደርገዋል። አብዛኛው የድምፅ ማይክ የሚሰማው ከፊቱ ነው፣ ከጀርባው የሚመጣውን ይቀንሳል። ከፊቱ ያለው ማን ነው? ዘፋኙ። ከዘፋኙ ጀርባ ያለው ደግሞ ባዶ ግድግዳ! ድምፁ ግድግዳውን መትቶ ተመልሶ ቀጥታ ማይኩ ውስጥ ይገባል። ወፍራሙን ፓነል ከዘፋኙ ኋላ አቁሙት። ቁም ሳጥናችሁን ከፍታችሁ ልብሱን ከዘፋኙ ጀርባ ማድረግ በራሱ ለውጥ አለው፤ ብር አያስወጣም።

ክፍል የመምረጥ ዕድል ካላችሁ ደግሞ ሦስት በሦስት ከሆነው ሦስት በአራት የሆነው ይሻላችኋል። ሦስት ሜትር ርቀት ባላቸው ሁለት ግድግዳዎች መካከል 57 ኸርዝ አካባቢ ያለ ድምፅ እየተመላለሰ ያብጣል፤ ከዚያ እጥፉ፣ ከዚያ ሦስት እጥፉ። ወርዱም ቁመቱም ሦስት ከሆነ ሁለቱም እዚያው ላይ ያብጣሉ። ቤዙ አንዱ ኖታ ላይ ይጮሃል፣ ቀጥሎ ያለው ኖታ ላይ ይጠፋል። እናንተም ልክ ክፍሉ መሐል ተቀምጣችሁ «ቤዝ ይጎድለዋል» እያላችሁ ስትጨምሩ፣ ሥራው መኪና ውስጥ ሲከፈት በሩን ያንቀጠቅጠዋል። ሺህ ዶላር የሚያወጣ ስፒከር ይህን አይፈታውም። እንዲያውም ጥሩ ስፒከር የክፍሉን ጉድ አጉልቶ ነው የሚያወጣው።

ዝናቡንስ? የቆርቆሮ ጣሪያን ዝናብ በፓነል አታስቆሙትም፤ በሰዓት ነው የምትሸሹት። ክረምት ላይ ከሰዓት በኋላ የድምፅ ቀጠሮ አትያዙ፣ ጠዋት ያዙ። መብራት ጠፋ ብላችሁም አትበሳጩ። ሳውንድ ካርዱ ከላፕቶፑ ኃይል የሚወስድ ከሆነ፣ ባትሪው ሙሉ ከሆነ፣ ፍሪጁም ዝም ካለ፣ ቻርጀሩ የሚያመጣው «እምምም» ከሌለ፣ የጎረቤት ጄኔሬተር እስኪነሣ ድረስ ከዚያ የተሻለ የቀረጻ ሰዓት አታገኙም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ፣ ወደ ማሲንቆው።

ማሲንቆ አንድ የጭራ ክር፣ አንድ ደጋን፣ ቆዳ የተወጠረበት ሳጥን ነው። ድምፁ ከአንድ ነጥብ አይወጣም። ቆዳው ይናገራል፣ ሳጥኑ ይናገራል፣ ጭራው ጭራውን ሲፋቅ ይናገራል፣ አንገቱም ይነዝራል። እነዚህ ተደባልቀው ማሲንቆ የሚሆኑት ትንሽ ራቅ ስትሉ ነው። ክራርም እንዲሁ ነው። በገና ደግሞ ይበልጣል፤ አሥሩ ክሮቹ ከመደገፊያቸው ጋር በሚነካኩበት ቦታ የምትገባው ቁራጭ ቆዳ የምታመጣው ያ ንዝረት ከሣጥኑ ጥልቅ ድምፅ ጋር ሲገናኝ ነው በገና የሚሆነው።

መጥፎ ክፍል ውስጥ ግን ማይኩን ማራቅ አትችሉም። ሠላሳ፣ አርባ ሳንቲ ሜትር ባራቃችሁት ቁጥር ግድግዳው አብሮ ይገባል፣ ድምፁ ገንዳ ውስጥ ያለ ይመስላል። ስለዚህ ማይኩን ታስጠጋላችሁ፣ ታስጠጋላችሁ፣ ቆዳው ላይ ልትለጥፉት ትደርሳላችሁ። ያን ጊዜ የምትሰሙት አንዷን ነጥብ ብቻ ነው፤ ፍቅፍቅታውን፣ ሲጥ ሲጥ የሚለውን። ከዚያ አቀናባሪው ወደ ኋላ ተደግፎ አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል፤ «ማሲንቆ ቀረጻ ላይ አያምርም።»

ይህችን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ ሰማኋት! የማውቀው አንድ ማሲንቆ ተጫዋች አለ፤ ዕድሜውን ሙሉ በዚሁ ልጆቹን ያሳደገ ሰው። ስሙን የማልጠራው አንድ ስቱዲዮ ለቀረጻ ጠርቶት፣ ግማሽ ቀን አስጠብቆት፣ ሁለት ደቂቃ አስገዝግዞት፣ «አባባ፣ ይቅርብን፣ ኪቦርዱ ላይ ጥሩ ማሲንቆ አለ» ብሎ የታክሲ ሰጥቶ ሸኘው። እኔ አብሬው ነበርኩ። ክፍሉን አጨብጭቤ ሰማሁት፤ እንደ ባዶ የውኃ ታንከር ነበር የሚጮኸው። ጥፋተኛው ክፍሉ ነበር፣ ተቀጪው ማሲንቆው ሆነ።

ኪቦርዱ ላይ ያለው «ማሲንቆ» ምንድን ነው? አንድ ሰው አንድ ቀን የገዘገዘው፣ ተቆራርጦ በአሥራ ሁለት እኩል እርከኖች ላይ የተደረደረ ድምፅ ነው። እውነተኛው ማሲንቆ አንገቱ ላይ እርከን የለውም፤ ጣት የትም ማረፍ፣ ከየትም ወደ የትም መንሸራተት ይችላል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ ብለን የምናስተምራቸው ቅኝቶች በኖታ ስንጽፋቸው ቁልፎቹ ላይ ይቀመጣሉ። ተጫዋቹ እጅ ላይ ግን በቁልፎቹ መካከል ብዙ ነገር ይሠራል፤ ያ መካከል ያለው ነው ሰውን የሚያስለቅሰው። በዚያ ላይ ድምፃዊው ላይ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣውን አውቶቲዩን እስከ መጨረሻው ከፍተን እንጭንበታለን። ማሽኑ ያችን መንሸራተት እንደ ስህተት ቆጥሮ ቀጥ ያደርጋታል። ልጁ አልሳተም ነበር! አያቱ እንዳዜመችው ነው ያዜመው።

አስቡት እንግዲህ። ዛሬ አሥር ዓመት የሆነው ልጅ ማሲንቆ ብሎ የሚያውቀው የኪቦርዱን ከሆነ፣ ነገ እውነተኛውን ሲሰማ «ይሄ ተበላሽቷል» ነው የሚለው። የመሣሪያ ሞት እንዲህ ነው የሚመጣው። ማንም አልከለከለውም፤ ክፍል ብቻ አጣ።

አሁን የሚመጡብኝን መልሶች ስለማውቃቸው ቀድሜ ልመልስ።

«ሚክስ ላይ ይስተካከላል።» አይስተካከልም። ቀይ ነክቶ የተቆራረጠን ድምፅ፣ ግድግዳ የገባበትን ድምፅ ማንም ወደ ነበረበት አይመልስልህም። አሁን ማስተጋባትን የሚቀንስ ሶፍትዌር መጥቷል፣ አውቃለሁ፣ ሞክሬዋለሁ። ንግግር ላይ ይረዳል። ማሲንቆ ላይ ግን የጭራውን ፍቅፍቅታ እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ አብሮ ይፍቀዋል፤ የሚተርፈው ያው የኪቦርዱ ማሲንቆ ነው።

«አድማጩ በስልክ ነው የሚሰማው፣ ማን ልዩነቱን ያውቃል?» የስልክ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ አያወጣም፤ የሚያወጣው መካከለኛውን ነው። የመጥፎ ትንሽ ክፍል ሳጥን ሳጥን የሚል ድምፅ ያለው ደግሞ እዚያው መካከለኛው ላይ ነው፣ ከ300 እስከ 800 ኸርዝ። ስለዚህ ስልክ ጉድን አይደብቅም፤ ሌላውን ሁሉ ደብቆ ጉዱን ብቻ ያስቀራል።

«ፈረንጆቹ መኝታ ቤታቸው ውስጥ ሠርተው ግራሚ ወሰዱ አይደል?» ወሰዱ! እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የቢሊ አይሊሽ አልበም ሎስ አንጀለስ ወላጆቿ ቤት፣ በወንድሟ በፊኒየስ መኝታ ክፍል ነው የተቀረጸው፤ በ2020 የዓመቱ ምርጥ አልበም ተባለ። ብሩስ ስፕሪንግስቲንም በ1982 «ኔብራስካ»ን ቤቱ ውስጥ በካሴት በሚሠራ ባለ አራት ትራክ ታስካምና በሁለት ሹር ኤስኤም57 ማይክ ቀረጸው፤ ለባንዱ ማሳያ ብሎ የሠራው ካሴት ራሱ አልበም ሆኖ ወጣ። እነዚህን ምሳሌዎች ስትጠቅሱ ከእኔ ጋር እየተስማማችሁ ነው። የዕቃ መዓት አልነበራቸውም። አልጋ፣ መጋረጃና ልብስ ባለበት፣ ሰው በሚኖርበት ክፍል፣ ጥሩ አድርገው የሚያቀርቡትን ነገር ይዘው ነው የተቀመጡት።

የእኛንም እንጥቀስ እንጂ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ቤታቸው ውስጥ፣ ከ1977 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት በካሴት የቀረጿቸው ዜማዎች ካረፉ በኋላ በ2024 «ሱቬኒርስ» በሚል አልበም ወጥተዋል። ፒያኖው አለ፣ የሳቸው ድምፅ አለ፣ ከመስኮት ውጪ ወፎች ይሰማሉ። ዓለም ተቀምጦ አዳመጠው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን ከፍቶ በጥቂት ዓመታት ያሳተማቸው ከመቶ በላይ ሸክላዎችስ? ያኔ ዛሬ በላፕቶፓችሁ ውስጥ ካለው ትራክ አንድ አሥረኛው እንኳ አልነበረም። የነበረው ተያይተው፣ ተሰማምተው አብረው የሚጫወቱ ሰዎች ነበሩ፤ እነሱን የሚችል ክፍልም ነበር። ዛሬ ያንን ሙዚቃ ሳምፕል አድርገን ቢት እንሠራበታለን፤ ነገ ልጆቻችን ከእኛ ምን ሳምፕል ሊያደርጉ ነው? የኪቦርድ ፋብሪካ የሰጠንን?

«የባህል መሣሪያ ተጫዋች ክፍያው ይከብዳል።» ይህ እውነት አለው፤ ሥራው አነስተኛ ለሆነ ልጅ ይከብዳል። መልሴ ግን ሂሳብ ነው። ለማትጠቀሙበት ሁለተኛ ማይክ ያወጣችሁት ብር ስንት ማሲንቆ ተጫዋች ስንት ቀን ያስቀርጻል? አስሉት። ማይኩ ሲያረጅ ዋጋው ይወርዳል፤ የተቀረጸው ግን የእናንተ ሆኖ ይኖራል።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉን በቁጥር ልስጣችሁ፣ በኋላ «ምን ልግዛ» ብላችሁ እንዳትጽፉልኝ።

1ኛ ክፍሉ። ካላችሁ ብር ከግማሽ የማያንሰው እዚህ ይሂድ፤ በሩ ሥር ማሸጊያ፣ ፓነሎቹ፣ ወፍራም ምንጣፍ፣ ደህና የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሚያስተካክለው የመሬት ሽቦ።

2ኛ ማይክ፣ አንድ። ሰፈራችሁ ጫጫታ ከሆነ ኮንደንሰር አትቸኩሉ፤ የውሻውንም የወያላውንም ድምፅ ሰብስቦ ያመጣላችኋል። እንደ ኤስኤም57 እና 58 ያለ ዳይናሚክ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ዓለም እየቀረጸበት ነው። በመርካቶም በፒያሳም አስመስሎ የተሠራው ሞልቷልና ዋስትና ሳትይዙ አትግዙ።

3ኛ ሁለት ማይክ የሚቀበል ሳውንድ ካርድ። ሁለት ያልኩት ክራር ደርዳሪውና ዘፋኙ አብረው እንዲቀመጡ ነው። በ24 ቢት ቅረጹ፤ ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ 12 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ይበል። ቀይ እስኪነካ መግፋት የካሴት ዘመን ልማድ ነው፣ ዛሬ ትርፍ የለውም።

4ኛ ጆሮን የሚሸፍን ሄድፎን፤ የሜትሮኖሙ ጠቅ ጠቅታ ወደ ማይኩ እንዳይገባ።

5ኛ ሶፍትዌር። የተሰረቀ ኩቤዝ ከምትጭኑ ሪፐር አለላችሁ፤ ለግለሰብ 60 ዶላር ነው፣ ከዚያ በፊትም 60 ቀን መሞከር ይቻላል።

6ኛ ስፒከር፤ በመጨረሻ፣ ክፍሉ ከተስተካከለ በኋላ።

ማሲንቆውን ስትቀርጹ ማይኩን በክንድ ርቀት አካባቢ፣ ወደ ቆዳው አዙራችሁ ጀምሩ፤ ከዚያ በጆሯችሁ አስጠጉ፣ አርቁ። ዋሽንትን ፊት ለፊት አትቅረጹት፣ ትንፋሹ ማይኩን ይመታዋል፤ ከላይ ወይም ከጎን ያዙት። ከበሮ ሁለት ፊት አለው፤ በሰፊው በኩል ብቻ ብታደርጉት የጠባቡ ፊት ንግግር ይቀርባችኋል፣ ስለዚህ ራቅ ብላችሁ ሁለቱንም ስሙ። ተጫዋቹን ደግሞ በኪቦርድ እንዲቃኝ አታስገድዱት። አንድ ቀን እናንተ በእሱ ተቃኙ፤ ኪቦርዱን ዝቅ ከፍ የሚያደርግ ቁልፍ አለው፣ እሱ ግን አያቱ ያስተማሩት ጆሮ ነው ያለው።

ሻጮች በዚህ ጽሑፍ ቅር እንደሚላቸው አውቃለሁ። አቀናባሪ ወዳጆቼም «የኑሮን ነገር ረሳኸው» ይሉኝ ይሆናል፤ አልረሳሁም። በቀን ሦስት ዘፈን ካልጨረሰ ኪራይ የማይከፍል ልጅ እንዳለ አውቃለሁ። ለዚያ ልጅ ነው የጻፍኩት፤ ምክንያቱም አንድ ጊዜ የተስተካከለ ክፍል ቀረጻውን ያሳጥርለታል፣ ሚክሱን ያሳጥርለታል፣ ደንበኛ «ድምፄ ለምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ እንዳይመለስበት ያደርጋል።

ነገ ጠዋት ብር ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ባዶ ክፍላችሁ ውስጥ ቁሙና በኃይል አጨብጭቡ። «ጭርርር» ብሎ ከመለሰላችሁ የምትገዙት ማይክ ሁሉ ያንን ጭርርታ ነው የሚቀርጸው። መጀመሪያ እሱን ዝም አሰኙት። ፓነል የሠራችሁ ፎቶውን ኮሜንት ላይ ለጥፉልኝ። ማሲንቆ የቀረጻችሁ ደግሞ ድምፁን ላኩልኝ፤ ሚክስ ሳታደርጉት፣ እንዳለ። የማትስማሙም ጻፉ፤ ግን ከማጨብጨባችሁ በፊት አትጻፉ።